ያለ ጉዳይ መሄድ

ነቬ ሐይምን ለማየት ብሎ ከሀገሩ የሚነሣ ሰው የለም። ሐደራ ራሷ በቴል አቪቭና በሐይፋ መካከል፣ ከሁለቱም ወደ 45 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ባቡሩ ቆሞ ሰው ያወርድና መንገዱን ይቀጥላል። ነቬ ሐይም ደግሞ ከሐደራ ሰፈሮች አንዷ ናት። እዚያ የሚወርደው ቤቱ እዚያ የሆነ ወይም ዘመድ ያለው ሰው ነው። እኔ ዘመድ አለኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከነባለቤታቸው እዚያ ይኖራሉ። እሳቸው በ1984 ከሀገር ሲወጡ እናቴ ጎንደር ቀረች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኢየሩሳሌምንም አይቻለሁ፤ ስለ ኢየሩሳሌም ግን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ብዙ ጽፈዋልና ወደ ሰፈሬ ልመለስ።

ቤቱ ያለው በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ጣሪያው ላይ ውኃ በፀሐይ የሚያሞቁ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ከሥር ሕንፃው በምሰሶ ስለቆመ ባዶ ቦታ አለ፣ ልጆች ኳስ ይመቱበታል። ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ዕብራይስጥ፣ ሩስኛና አማርኛ ተቀላቅለው ይሰማሉ። አማርኛው ብዙውን ጊዜ የትልልቅ ሰዎች ነው። የልጅ ልጆች አያታቸው በአማርኛ ሲጠይቋቸው በዕብራይስጥ ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ወገን ነገሩን ከለመደው ቆይቷል፣ የሚገረም እንግዳ ብቻ ነው።

ማቀዝቀዣውን የከፈትኩ ቀን የቤቱን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ላይኛው ክፍል በፌስታል የታሰረ እንጀራ፣ ከሥሩ ሽሮና በርበሬ፣ በሩ ላይ ደግሞ ከእንቁላሉ ጎን የኢንሱሊን ብልቃጦች። ውጪው በማግኔት በተለጠፉ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን) ቀጠሮ ወረቀቶች ተሸፍኗል። በእስራኤል እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ የጤና መድኖች በአንዱ መመዝገብ አለበት፤ ሕጉ ከ1995 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ሕክምናው ስላለ ቀጠሮም አለ። አጎቴ የዓይን፣ የእግር፣ የኩላሊት፣ የ"ሦስት ወር ስኳር" ቀጠሮ አላቸው። "ድሮ የበዓላትን ቀን ነበር የምንቆጥር" ይላሉ፣ "አሁን የነርሷን ቀን ሆነ።"

አጎቴ ቀጭን ሰው ናቸው። ይህን የምናገረው እኛ ሀገር ስኳር የጠገበና የወፈረ ሰው በሽታ ነው የሚል እምነት ስላለ ነው። ወፍረው አያውቁም። ሲመጡ የለበሱት ሱሪ ቢገኝ ዛሬም ይሆናቸዋል ትላለች ባለቤታቸው። ስኳር ግን ያዛቸው። የእሳቸው ብቻ ቢሆን የአንድ ቤት ጉዳይ ነበር። ሐደራ ውስጥ ያለው የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ሐኪሞች ያዩት ከዚያ የሰፋ ነገር ነው፦ በሀገራቸው ሳሉ ስኳር እምብዛም የማያውቁ ሰዎች እስራኤል ገብተው ጥቂት ዓመታት ሲኖሩ በሽታው ከሌላው ሕዝብ በበለጠ ያጠቃቸው ጀመር፤ ያውም ብዙዎቹ ሳይወፍሩ። የሆስፒታሉ የስኳርና የሆርሞን ሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ ነገሩን በጥናት ሲከታተሉ፣ ለሌላው ሕዝብ ጤናማ የሚባለው የሰውነት ክብደት ለኢትዮጵያ ተወላጆች ዋስትና እንደማይሆን አሳዩ።

ምን ተለወጠ? ሰዎቹን ቁጭ አድርጎ ለጠየቀ መልሱ ሩቅ አይደለም። እነሱ በመጡበት በደምቢያ ገጠር ስኳር የእንግዳ ነገር ነበር፤ ሻይ ራሱ ለበዓል ነው። እስራኤል ሲገቡ በመርካዝ ክሊታው (አዲስ ገቢዎች በሚቀመጡበት ማዕከል) ጠረጴዛ ላይ ነጭ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ በጠርሙስ የተሞላ ለስላሳ መጠጥ ጠበቃቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጤፍ ስላልነበረ እንጀራው በነጭ የስንዴ ዱቄት ይጋገር ነበር። ዛሬ ጤፍ ይገኛል፤ ግን ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከከለከለች ወዲህ ከሌላ ሀገርም እየመጣ፣ እዚያውም እየተዘራ ስለሆነ ዋጋው ቀላል አይደለም። ተዝካር ወይም ሰርግ ቤት ስትገቡ ደግሞ ለስላሳው በየጠረጴዛው መሐል ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጠላ የጠጣ ሰው ስንት እንደ ጠጣ ያውቃል፤ ለስላሳ የሚጠጣ ግን አይቆጥርም። ይህን ያሉት አጎቴ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ባለፈው ክረምት የገባሁባቸውን የልቅሶ ድንኳኖች አስቤ ዝም አልኩ።

ሌላው የተለወጠው እግር ነው።

አጎቴ እስራኤል የገቡት በእግራቸው ነው ማለት ይቻላል። ከደምቢያ ተነሥተው፣ አርማጭሆን አቋርጠው፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየሄዱ ሱዳን ገቡ። ከዚያ በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባ መጠለያ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ተራቸውን ጠበቁ። በዚያ መንገድና በዚያ መጠለያ በረሃብ፣ በውኃ ጥምና በበሽታ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ ለእነሱም ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከ1984 ኅዳር እስከ 1985 መጀመሪያ በቆየው "የሙሴ ዘመቻ" 8,000 ያህል ሰው ከዚያ ወደ እስራኤል ሲወሰድ እሳቸው ከነዚያ አንዱ ነበሩ። ባለቤታቸው የመጣችው በ1991 በ"ሰሎሞን ዘመቻ" ነው፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጫን። "እኔ ተቀምጬ መጣሁ፤ እሱ ግን ለፍቶ" እያለች ታሾፍባቸዋለች።

እንግዲህ ለእኒህ ሰው ነው ነርሷ "በየቀኑ 30 ደቂቃ በእግር ይሂዱ" ያለቻቸው። ያስተረጎመላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር፤ ታሪኩን እስከ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል። አጎቴ ምክሩን በጥሞና ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "ወዴት?"

ልጁ ተረጎመ። ነርሷ ግራ ገብቷት "ወዴትም" አለች። "ዝም ብለው ይሂዱ፣ ከዚያ ይመለሱ።"

አጎቴ በትህትና አመስግነው ወጡ፤ ግን አልሄዱም። ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ሰው እሳቸው ባደጉበት ሀገር ወይ እብድ ነው ወይ ሰላይ። ሰው የሚሄደው ገበያ ነው፣ ወፍጮ ነው፣ ሙግት ነው፣ ለቅሶ ነው። የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ ሲደርስ ሕዝቡ ከየቀበሌው ተነሥቶ ወደ አምቦበር ይጓዝ፣ ተራራም ይወጣ ነበር፤ እዚያ ጸሎት ነበር፣ ጾም ነበር፣ በመጨረሻም መብል ነበር። ለመሄድ ተብሎ ብቻ የሚሄዱት የእግር ጉዞ ግን አልነበረም። እኛም አዲስ አበባ "ወክ እናድርግ" ማለት ከጀመርን ብዙ አልቆየንም፤ ገጠር ብታወሩት ይስቁባችኋል።

ሰፈሩ መናፈሻ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ የተከላቸው የስፖርት ብረቶች አሉ፤ የሚገፋ፣ የሚሳብ፣ ቆመው የሚወዛወዙበት። ማታ ማታ ሽማግሌዎቻችን እዚያ ይሰበሰባሉ። ኩታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን አስደግፈው፣ ብረቶቹ ላይ በምቾት ተቀምጠው ያወጋሉ። የታሰቡለት ሥራ ላይ ባይውሉም ወንበር ሆነው በደንብ እያገለገሉ ነው።

የሂሌል ያፌ ሐኪሞች የገጠማቸውም ይኸው ነበር። መድኃኒቱ አለ፣ መርፌው አለ፣ ምክሩም ትክክል ነው፤ ሰውየው ጋ ግን አልደረሰም። ትርጉሙን የ10 ዓመት ልጅ ይሠራዋል፤ አባት ስለ ሽንቱና ስለ ወንድነቱ በልጁ አፍ እንዲናገር ይጠበቃል። እምነትም ቢሆን ተጎድቶ ነበር። በ1996 መጀመሪያ የእስራኤል የደም ባንክ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የወሰደውን ደም ለዓመታት በስውር ሲደፋ መቆየቱ ተጋለጠ፤ ብዙ ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ወጥቶ ተቃወመ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ሲናገር ቶሎ አልሰማ ማለት ከዚያ በኋላ ድንቁርና ሊባል አይገባውም።

በ1998 ዶክተር አናት ያፌ ከኢትዮጵያ ተወላጆች ጋር ሆነው "ጤና ብሪዑት" የተባለውን ማኅበር ሐደራ ውስጥ መሠረቱ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከማኅበረሰቡ የወጡ፣ ቋንቋውንና ወጉን የሚያውቁ ሰዎች ሠልጥነው በየሞአዶኑ (በየመሰብሰቢያ ቤቱ)፣ በየቤቱ እየዞሩ ስለ ስኳር፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ምግብ በአማርኛ ያስተምራሉ፤ በኋላም ሐኪምና ታካሚ በስልክ የሚገናኙበት የአማርኛ አስተርጓሚ አገልግሎት ተጨመረ። ልጁ ከመሐል ወጣ። እኔ ይህን ከሆስፒታሉ ትልልቅ መሣሪያዎች ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። አንድ ሽማግሌ የሐኪሙን ቃል በገዛ ቋንቋው፣ በማክበሪያ ቃል ሲሰማ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ አጎቴም መውሰድ የጀመሩት በዚያ መንገድ ነው።

የእግር ጉዞውን ግን የፈታችው ባለቤታቸው ናት፤ ያውም ማንንም ሳታማክር። እስራኤል ውስጥ ወተት በፕላስቲክ ከረጢትም ይሸጣል፤ አንድ ሊትር፣ ቶሎ የሚያልቅ። ድሮ እትዬ ለሳምንት የሚሆን ታመጣ ነበር። አንድ ቀን ተወችው። "ወተት የለም" አለች። አጎቴ ሄደው ገዙ። በማግሥቱም "ወተት የለም።" ቅርብ የነበረው ሱቅ ደግሞ "አይረባም፣ የቆየ ነው የሚሸጥ" ተብሎ ተለወጠ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ተሻለ። እሳቸው ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይመስለኝም። ግን ጉዳይ ተገኘ፤ ጉዳይ ያለው ሰው ይሄዳል።

እኔ ስደርስ ይህ ልማድ ሥር ሰዷል። ጠዋት ሻይ ያለ ስኳር ጠጥተን እንወጣለን፤ ፊት ፊት እሳቸው፣ ከኋላ እኔ፣ ምክንያቱም እርምጃቸው ዛሬም የገደል ሰው እርምጃ ነው። ለወተቱ የወጣን ሰዎች መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ እንጠይቃለን። እግሯን የተሰበረች አሮጊት፣ ከሆስፒታል የወጣ ጎረቤት፣ ሐዘን ላይ ያለ ቤት። አይሁድ ሟቻቸውን ሰባት ቀን ተቀምጠው ያለቅሳሉ፤ የእኛዎቹም እንደዚያው፣ ግን ድንኳኑ፣ ንፍሮውና የሰው ብዛቱ የጎንደር ነው። በር ላይ ቆመን "እንዴት አደራችሁ" ስንል ቡና ይቀርባል። ቡናው ላይ ስኳር ማንኪያ ሲነሣ አጎቴ እጃቸውን ሲኒው ላይ ይከድናሉ። ያንን እጅ ማንሣት ቀላል አይደለም፤ "አንድ ማንኪያ ምን ያደርግዎታል" እያሉ የሚገፉ ግን አልጠፉም። በሽተኛን በስኳር ማክበር ከኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል።

አንዳንድ ቀን መንገዱን እናረዝማለን። ሐደራ ባሕር ዛፍ ያለባት ከተማ ናት። መጀመሪያ ስገባ ሽታው አዲስ አበባ እንጦጦ ሥር ያለሁ አስመሰለኝ። ታሪኩም የእኛን ይመስላል፤ ያውም በዘመን ይገጥማል። ሐደራ በ1891 ከሩሲያ ግዛት በመጡ አይሁድ ስትቆረቆር ዙሪያዋ ረግረግ ነበር። ወባ ሰፋሪዎቹን ክፉኛ ፈጃቸው። ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ገንዘብ ሰጡ፣ ከግብፅ የመጡ ሠራተኞች ቦይ ቆፈሩ፣ ውኃውን እንዲመጥም ባሕር ዛፍ ተተከለ። በዚያው በ1890ዎቹ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ ዛፍ ያስተክሉ ነበር፤ ማገዶ አልቆ ከተማዋ ልትለቀቅ ደርሳ ስለነበር። እኛ ምንጭ አደረቀብን ብለን የምንከሰው ዛፍ እዚያ ስላደረቀ ይመሰገናል። ሆስፒታሉ ስሙን ያገኘው ከዚያ ዘመን ሰው ነው፤ ሂሌል ያፌ ወባን በመዋጋት የታወቁ ሐኪም ነበሩ። ያኔ ከተማዋን የገደላት ትንኝ ነበር፤ አሁን አጎቴ ከዛፉ ሥር የሚሄዱት በሌላ በሽታ ምክንያት ነው። ጫፍ ጫፉን ቅጠል ይቀጥፉና በኪሳቸው ይከታሉ። ቤት ሲደርሱ እትዬ ቀቅላ ጉንፋን የያዘውን የልጅ ልጇን በፎጣ ሸፍና ታጥነዋለች። ልጁ ይጮኻል፣ በማግሥቱ ግን "ይሻለኛል" ይላል፤ በዕብራይስጥ።

ወደ ምዕራብ በአውቶቡስ ከሄዱ ባሕሩ ጋ ይደረሳል። የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ከሩቅ ይታያሉ፤ ረጅሙ 300 ሜትር ነው። ማመንጫው በባሕር ውኃ ራሱን አቀዝቅዞ የሞቀውን ውኃ በሐደራ ወንዝ መውጫ ይለቀዋል፤ በብርድ ወራት ሻርኮች ሙቀቱን ፍለጋ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ሰውም ሊያያቸው ይመጣል። በ2025 ኤፕሪል ውስጥ አንድ ዋናተኛ በሻርክ ተገድሎ ነበርና ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። አጎቴ ለሻርኩ ብዙም አልተገረሙም። የገረማቸው ከአጠገቡ ያለው፣ በ2009 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የባሕር ውኃን ጨው የሚያወጣ ፋብሪካ ነው። "ቆላ ወርደን ውኃ አጥተን ስንሞት፣ እዚህ ባሕሩን ያጠጡሃል" አሉ። ከዚያ በላይ ስለ ሱዳን መንገድ ሳይጠየቁ ሲያወሩ አልሰማሁም። ተጠይቀውም የሚመልሱት ጥቂት ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ይቆማል። የሰንበት ዳቦ ይጋገራል፣ ቤቱ ይጸዳል፣ አውቶቡስ ይጠፋል። ቅዳሜ ወተት አይገዛም፤ የሚሄዱት ወደ ጸሎት ቤት ነው። ቀሪው ቀን ዕረፍት ነው፤ መኪና የማይነዳ ሰው በሚበዛበት ሰፈር የቅዳሜ ጸጥታ ለእግረኛ ተስማሚ ነው፣ እኔም ብቻዬን ወጥቼ ያለ ጉዳይ ስዞር ሽማግሌዎቹ "ማንን አጣህ?" ብለው ጠየቁኝ።

አንድ ጠዋት እትዬ የአጎቴን ጣት ወግታ ከለካች በኋላ መለኪያውን ወደ እኔ አዞረች። "አንተም አምጣ፣ ገና አልበላህም።" ቀጭን ነኝ፣ ዕድሜዬም ገና ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ሁለቱም ሳቁ። 112 አሳየ። በባዶ ሆድ ከ100 በታች የሆነ ደኅና ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከታየ ስኳር ነው፤ የእኔ ከሁለቱ መሐል ነበር። "በጣት የተለካ መቁረጫ አይሆንም፤ ሀገርህ ስትገባ በላቦራቶሪ አረጋግጥ" አሉኝ አጎቴ፣ ከነርሷ የሰሙትን ሁሉ በነርሷ ቃና። ጎንደር እንደገባሁ አረጋገጥኩ፤ አልተሳሳቱም፣ አሁን ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ።

ይህን የማወጋው ስለ ነቬ ሐይም ብቻ ብዬ አይደለም። ደምቢያ ለቆ ሐደራ የገባ ሰው ያገኘው ነጭ ዱቄት፣ ለስላሳና መቀመጥ፣ ቀበሌውን ለቆ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የገባውን ሰው እየጠበቀው ነው፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ የሚያስታውስ ነርስና በማግኔት የተለጠፈ ቀጠሮ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቀጭን ነኝ ብለህ አትተው፣ ወፍራም ነኝ ብለሽም አትፍሪ፤ ምርመራው በጤና ጣቢያም ይገኛል፣ የሚያስፈልገው ቁርስ ሳይበሉ አንድ ጠዋት መሄድ ነው። እናትና አባት ያላችሁ ደግሞ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ በእግር።